የሮማ መንግሥት ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እንዴት ተከፈለ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዓለምን ታሪክ ከተማርነው መካከል 395 የሚለውን ዓመት በቃሉ ያልያዘ ጥቂት ነው። በዚያ ዓመት ታላቁ ቴዎዶስዮስ ሞተ፤ ግዛቱንም ለሁለት ልጆቹ አካፈለ፤ ከዚያ ወዲህ የሮማ መንግሥት የምሥራቅና የምዕራብ ተብሎ ለሁለት ተለየ ተብሎ ይነገረናል። በፈተናም ላይ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን ለነበሩት ሰዎች ሁለት ነገሥታት በአንድ ጊዜ መግዛታቸው አዲስ ነገር አልነበረም። ከቴዎዶስዮስ በፊት እንዲህ ያለው አገዛዝ ደጋግሞ ታይቷል፤ ደጋግሞም ቀርቷል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፤ መንግሥቱን ልለያየው ብሎ የተነሣ ሰው ሳይኖር መንግሥቱ እንዴት ሊለያይ ቻለ?

አንባቢ እንዳይደናገር፣ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን። የነገሥታቱንም ስም በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ዘንድ የታወቀ ሲሆን በዚያው አጻጻፍ፣ ያልታወቀ ሲሆን ግን በላቲኑ አነጋገር አቅራቢያ ጽፈነዋል።

በመጀመሪያ የአገሩን ስፋት መገመት ያስፈልጋል። በሁለተኛው መቶ ዓመት የሮማ ግዛት በምዕራብ ከብሪታንያና ከእስጳንያ አንሥቶ በምሥራቅ እስከ ኤፍራጥስ፣ በሰሜን ከራይንና ከዳኑብ ወንዞች አንሥቶ በደቡብ እስከ ሰሐራ በረሓና እስከ ኑብያ ወሰን ይደርስ ነበር። ከራይን ወንዝ ተነሥቶ በመንገድ ወደ ኤፍራጥስ ለመድረስ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ግድ ነው። መልእክት የሚሄደው በፈረስ ወይም በመርከብ ነው፤ በክረምት ደግሞ ባሕሩ ስለሚናወጥ መርከብ እንደ ልብ አይወጣም። ንጉሠ ነገሥቱ በራይን አጠገብ ሰፍሮ ሳለ ፋርሶች ሶርያን ቢወሩ፣ ወሬው እስኪደርሰው፣ እርሱም ሠራዊቱን ይዞ እስኪደርስ የዘመቻው ወራት ያልፋል።

ከርቀቱ ሌላ የቋንቋ ልዩነት ነበረ። በምዕራቡ ክፍል የተማረው ሰው የሚናገረው ላቲን ነው፤ በምሥራቁ ግን ከታላቁ እስክንድር ዘመን ጀምሮ የከተማውና የትምህርቱ ቋንቋ ግሪክ ነበር። አንዳንድ ጸሐፊዎች መንግሥቱን የለያየው ይህ ነው ይላሉ። እኛ ግን ይህን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ልንቀበለው አልቻልንም። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ንጉሥ ሥር ከ400 ዓመት በላይ አብረው ኖረዋልና፤ የጦር ሠራዊቱና የሕጉ ቋንቋም በምሥራቅ ጭምር ላቲን ነበር። ቋንቋ ወሰኑ በየት በኩል እንዲያልፍ ረድቶ ይሆናል እንጂ ወሰኑን ያሠመረው እርሱ አይደለም።

ግዛቱን የመካፈል ልማድ ከንጉሠ ነገሥትነቱ ማዕርግ እንኳ ይቀድማል። ዩልዮስ ቄሣር ከተገደለ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት 40 ዓመት በፊት፣ ኦክታቭያኖስና ማርቆስ አንጦንዮስ በብሩንዲዝዩም ከተማ ተስማምተው ምዕራቡ ለመጀመሪያው፣ ምሥራቁ ለሁለተኛው ሆነ። የወሰናቸውም ምልክት ስኮድራ የምትባለው ከተማ ነበረች፤ ይህች ከተማ ዛሬ በአልባንያ ውስጥ ሽኮደር ትባላለች። ያ ውል ኦክታቭያኖስ በጦርነት ድል አድርጎ ብቻውን ሲነግሥ ፈረሰ። እርሱም አውግስጦስ ቄሣር ተባለ፤ ከወንጌል የምናውቀው እርሱ ነው። ደግሞ በ161 ማርቆስ አውሬልዮስ ወንድሙ እንዲሆን በጉዲፈቻ የተሰጠውን ሉክዮስ ቬሮስን በእኩል ማዕርግ አነገሠው፤ ሉክዮስም ፋርሶችን ለመውጋት ወደ ምሥራቅ ሄደ። እንግዲህ ሁለት ሰው አንድ ዙፋን መያዙ ለሮማውያን ባዕድ ሐሳብ አልነበረም።

ነገሩ የግድ የሆነው ግን በሦስተኛው መቶ ዓመት ነው። ከ235 እስከ 284 ባሉት 50 ዓመታት ውስጥ ከ20 የሚበልጡ ነገሥታት ነገሡ፤ ከእነርሱም በሕመም በአልጋው ላይ የሞተ እጅግ ጥቂት ነው። የቀሩት በገዛ ወታደሮቻቸው ወይም በተቀናቃኞቻቸው እጅ አለቁ። በ253 የነገሠው ቫሌርያኖስ ልጁን ጋልዬኖስን በምዕራብ አስቀምጦ እርሱ ወደ ምሥራቅ ወረደ፤ በ260 ግን በፋርስ ንጉሥ በሻፑር እጅ ተማረከ። አንድ የሮማ ንጉሠ ነገሥት በሕይወቱ በጠላት ሲማረክ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሻፑርም ነገሩን በፋርስ አገር ናቅሽ ሩስታም በሚባለው ስፍራ በገደል ላይ አስቀርጾታል፤ ሥዕሉ እስከ ዛሬ ይታያል። በዚያው ወራት በጋልያ ፖስቱሞስ የሚባል የጦር አለቃ ለብቻው ነገሠ፤ በምሥራቅም የፓልሚራ ከተማ ሹማምንት፣ በኋላም ንግሥቲቱ ዘኖብያ፣ ሶርያንና ግብፅን ያዙ። አውሬልያኖስ ሁለቱንም መልሶ አንድ ያደረገው እስከ 274 ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሁከት በታች ያለው ምክንያት አንድ ነው። በወሰን ላይ ያለ ወታደር ደመወዙን የሚሰጠው፣ ጀግንነቱን በዐይኑ አይቶ የሚሸልመው ንጉሥ በአጠገቡ እንዲኖር ይፈልጋል። ንጉሡ ሩቅ ከሆነ የራሱን አዛዥ ያነግሣል። ፖስቱሞስን ያነገሡት የራይን ወታደሮች ከሮማ ለመገንጠል የፈለጉ አልነበሩም፤ ፖስቱሞስ ራሱ በገንዘቡ ላይ ያስቀረጸው ማዕርግ የሮማን ንጉሠ ነገሥት ማዕርግ ነው። የፈለጉት በአጠገባቸው የሚገኝ ንጉሥ ነበር። እንግዲህ ንጉሥ አንድ ብቻ ከሆነ ሽፍታ ይበዛል፤ ይህን በግልጥ የተረዳው ዲዮቅልጥያኖስ ነው።

የዲዮቅልጥያኖስ ስም በአገራችን እንግዳ አይደለም። ስንክሳር ሲነበብ የሰማ ሁሉ የሰማዕታትን ደም ያፈሰሰ ንጉሥ መሆኑን ያውቃል። የግብፅና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ዓመተ ሰማዕታት የሚባለውን ዘመን የሚቆጥሩት እርሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነው፤ ከዓመተ ምሕረት ላይ 276 የቀነሰ ሰው ዓመተ ሰማዕታትን ያገኛል። ስለዚህ ስለዚህ ሰው ያለ ቍጣ መጻፍ ለእኛ ቀላል አይደለም። ቢሆንም በ303 የጀመረው ስደት አንድ ነገር ነው፤ የአገር አስተዳደሩ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ካልለየን ከእርሱ በኋላ የመጡት ክርስቲያን ነገሥታት ሁሉ በእርሱ ሥርዓት ለምን እንደ ገዙ ልንረዳ አንችልም።

ዲዮቅልጥያኖስ የድልማጥያ ሰው ነው፤ ትውልዱም ዝቅተኛ ነበር። በኅዳር ወር 284 በኒቆምድያ ወታደሮች አነገሡት። ወዲያው የጦር ጓደኛውን መክስምያኖስን በ285 ቄሣር፣ በ286 አውግስጦስ አድርጎ ምዕራቡን ሰጠው። በ293 ደግሞ ለሁለቱ አንድ አንድ ረዳት ጨመረ፤ በምሥራቅ ገሌርዮስ፣ በምዕራብ ቆንስጣንስዮስ ቄሣር ተብለው ተሾሙ። አውግስጦስ የበላይ፣ ቄሣር የበታችና አልጋ ወራሽ ነው። አራቱም በጋብቻ ተሳሰሩ። ከዚህ ወዲያ ነገሥታቱ የሚቀመጡት በኒቆምድያ፣ በሲርምዩም፣ በሚላኖና በትሪየር ሲሆን ሁሉም ከጦር ግንባሩ በቅርብ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ሮማ ከተማ በክብሯ ቀረች፤ ዲዮቅልጥያኖስ በነገሠ በ20ኛው ዓመት፣ በ303፣ በዓል ለማክበር ሄዶባት ብዙም ሳይቆይባት ወጣ።

ሥራው በአጭር ጊዜ ፍሬ አሳየ። በብሪታንያ ለብቻው ነግሦ የነበረው ወገን በ296 ጠፋ፤ ገሌርዮስ በ298 የፋርስን ንጉሥ ናርሴን ድል አድርጎ ከጤግሮስ ማዶ ያለ አገር ጭምር አስለቀቀው። በዚያው ዘመን ዲዮቅልጥያኖስ ራሱ ወደ ላይኛው ግብፅ ወጥቶ፣ ከአስዋን በላይ ያለውን የአባይ ዳርቻ ወታደር ለማኖር ከሚያወጣው ወጪ የሚገኘው ግብር አነስተኛ ሆኖ ስላገኘው፣ ወሰኑን ወደ ፊላ ደሴት መልሶ የኑብያውን አገር ለኖባውያን ተወላቸው። ይህ ሰው ሒሳብ ዐዋቂ ነበር።

አውራጃዎቹንም ከፋፈላቸው። 50 ያህል የነበሩት ወደ 100 ገደማ ደረሱ፤ እነርሱም በ12 ጠቅላይ ግዛቶች ተጠቃለሉ። የአውራጃው ገዥ ዳኝነትንና ግብርን ብቻ እንዲይዝ፣ ጦሩ ግን ለሌላ አዛዥ እንዲሆን ተደረገ፤ ወታደርም ገንዘብም በአንድ ሰው እጅ ካልተገናኙ ሽፍትነት ያስቸግራልና። ወጪው ግን እጅግ ከበደ። በዚያው ዘመን የነበረው ክርስቲያን ጸሐፊ ላክታንስዮስ ዓለሙን ለአራት ከፍሎ ሠራዊቱን አበዛው፣ ከሚከፍለው ይልቅ የሚቀበለው በለጠ ብሎ በምሬት ከሶታል። ላክታንስዮስ ጠላቱ ስለ ሆነ ቃሉን በጥንቃቄ መመዘን ይገባናል፤ ነገር ግን በ301 የዕቃና የሥራ ዋጋ ሁሉ ከተወሰነው እንዳያልፍ በሞት ቅጣት መታወጁ የኑሮው ውድነት ምን ያህል እንደ ነበረ ያሳያል።

አሁን ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የተከፈለው ሥራው ነው እንጂ መንግሥቱ አይደለም። ሕግ የሚወጣው በነገሥታቱ ሁሉ ስም ነው፤ ገንዘቡ የአንዱም የሌላውም መልክ እየተቀረጸበት በሁሉ አገር ይሠራል፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ከአገር ወጣ አይባልም። አራት ሰዎች አንድ ንጉሥ ሆነው ይሠራሉ ማለት ነው። ይህም ሊሆን የቻለው ከአራቱ መካከል የሁሉ ታላቅ የሆነ፣ ቃሉም የሚሰማ ሰው ስለ ነበረ ነው። ዲዮቅልጥያኖስ በግንቦት 1 ቀን 305 በፈቃዱ ዙፋኑን ለቀቀ፤ መክስምያኖስንም አስለቀቀው። ከዚያ በኋላ በትውልድ አገሩ በሳሎና አጠገብ ባሠራው ትልቅ ግንብ ውስጥ አትክልት እየተከለ ተቀመጠ፤ ተመልሶ እንዲነግሥ በለመኑትም ጊዜ የአትክልቱን ማማር አንሥቶ እንቢ እንዳላቸው ይነገራል። ያ ግንብ ዛሬ በክሮኤሽያ የስፕሊት ከተማ እምብርት ነው።

እርሱ በሕይወት ሳለ ዐይኑ እያየ ሥርዓቱ ፈረሰ። ልጅ ያላቸው አባቶች ልጆቻቸውን፣ ወታደሮችም የአዛዦቻቸውን ልጆች መረጡ። የቆንስጣንስዮስ ልጅ ቆስጠንጢኖስ በ306 በብሪታንያ በዮርክ ነገሠ፤ በ312 የመክስምያኖስን ልጅ በሮማ አጠገብ ድል አደረገ፤ በ324 የምሥራቁን ንጉሥ ሊቅንዮስን አሸንፎ ብቻውን ገዛ። ስለ ቆስጠንጢኖስ እምነት ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ አንመለስበትም። ለያዝነው ነገር የሚጠቅመው ከተማው ነው። በግንቦት 11 ቀን 330 በጥንቷ ቢዛንትዩም ላይ የተሠራችው ቁስጥንጥንያ ተመረቀች። ቆስጠንጢኖስ መንግሥቱን ለማዋሐድ እንጂ ለመክፈል አልሠራትም፤ ነገር ግን ለምሥራቁ ክፍል ከዚያ በፊት ያልነበረውን ነገር ሰጠው፤ ይኸውም ቋሚ መዲና፣ የራሱ የሽማግሌዎች ምክር ቤት፣ የራሱም ቀለብ ነው። ቀድሞ ወደ ሮማ ይጫን የነበረው የግብፅ ስንዴ ከዚያ ወዲህ ወደ ቁስጥንጥንያ ይጫን ጀመር፤ የሮማ ከተማ ቀለብ በአፍሪካ ላይ፣ ማለት በዛሬይቱ ቱኒዝያና አካባቢዋ ላይ፣ ቀረ። ይህች የስንዴ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ቆስጠንጢኖስ በ337 ሲሞት ዘመዶቻቸው ከተጨፈጨፉ በኋላ ሦስት ልጆቹ ግዛቱን ተካፈሉ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የሁሉ ታላቅ የሆነው ከታናሹ ጋር ተዋግቶ ሞተ፤ ታናሹም በ350 በሽፍታ ተገደለ። የቀረው ዳግማዊ ቆንስጣንስዮስ ከ353 ጀምሮ ሁሉን ብቻውን ያዘ። ይህ ንጉሥ ለኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪዎች የታወቀ ነው፤ ወደ አክሱም ነገሥታት ወደ ኢዛናና ወደ ወንድሙ ወደ ሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፣ ፍሬምናጦስ፣ ማለት አባ ሰላማ፣ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እንዲመረመር የጠየቀ እርሱ ነው። ደብዳቤው ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቶናል። ቆንስጣንስዮስም ቢሆን ብቻውን አልቻለም፤ በጋልያ የአጎቱን ልጅ ዮልያኖስን ሾመ፤ የጋልያም ወታደሮች ወደ ምሥራቅ ዝመቱ ቢባሉ እንቢ ብለው ዮልያኖስን አነገሡት። የፖስቱሞስ ታሪክ ተደገመ ማለት ነው።

በእኛ አስተያየት አንድ ዓመት መምረጥ ግድ ከሆነ ከ395 ይልቅ 364 የተሻለ ነው። ዮልያኖስ በ363 በፋርስ ዘመቻ ሞተ፤ የተተካውም ዮቭያኖስ ስምንት ወር ሳይሞላው ሞተ። ወታደሮቹ ቫሌንቲንያኖስን አነገሡና ወዲያው ጓደኛ ንጉሥ እንዲመርጥ ግድ አሉት። አንድ ሰው ብቻውን ቢሞት ምን እንደሚመጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አይተዋልና። እርሱም ወንድሙን ቫሌንስን መረጠ። ራሱ ወታደር የነበረው ታሪክ ጸሐፊ አምያኖስ ማርኬሊኖስ የሚቀጥለውን ነገር ያስረዳናል። ሁለቱ ወንድማማቾች በናይሶስ ከተማ አጠገብ፣ በዛሬይቱ ሰርብያ ኒሽ በሚባለው ስፍራ፣ የጦር አለቆቹንና የሠራዊቱን ክፍሎች ተካፈሉ። ከዚያ ወደ ሲርምዩም ወርደው ቤተ መንግሥቱን፣ ጸሐፊዎቹንና ሹማምንቱን ሳይቀር ታላቅየው እንደ ወደደ ተከፋፈሉ። አንዱ ወደ ሚላኖ፣ ሌላው ወደ ቁስጥንጥንያ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያም አልተገናኙም። የአንድ ክፍል ወታደር ለሁለት ተከፍሎ ስሙ ብቻ በሁለቱም ወገን ቀረ።

ውጤቱም በሚቀጥለው ዓመት ታየ። በ365 ፕሮኮፕዮስ የሚባል የዮልያኖስ ዘመድ በቁስጥንጥንያ ሸፍቶ ነገሠ። በዚያው ወራት አለማኖች የሚባሉት ሕዝቦች ራይንን ተሻግረው ጋልያን ያጠቁ ነበር። ቫሌንቲንያኖስ ወንድሙን ለመርዳት ቢያስብም ፕሮኮፕዮስ የእኔና የወንድሜ ጠላት ነው፣ አለማኖች ግን የሮማ ዓለም ሁሉ ጠላቶች ናቸው ብሎ በጋልያ እንደ ቀረ አምያኖስ ይናገራል። ምክንያቱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ታላቅ ወንድም እንኳ ታናሹ ዙፋኑን ሊያጣ ሲል የራሱን ግንባር መልቀቅ ካልቻለ፣ ወንድማማች ያልሆኑ ነገሥታት ምን እንደሚያደርጉ መገመት አያዳግትም። ቫሌንስ ሽፍታውን በራሱ ጦር አሸነፈው።

በ376 ሁኖች የሚያሳድዷቸው ጐቶች ዳኑብን ለመሻገር ለምነው ተፈቀደላቸው፤ የሮማ ሹማምንት ግን በረኀብ ጊዜ ምግብ በውድ እየሸጡ ስላስመረሯቸው ተነሡ። ቫሌንስ የወንድሙ ልጅ የምዕራቡ ንጉሥ ግራትያኖስ በመንገድ ላይ መሆኑን እያወቀ ሳይጠብቀው፣ በነሐሴ 9 ቀን 378 በአድርያኖፕል ገጠማቸው። እርሱ ራሱ ሞተ፤ አምያኖስ እንደ ጻፈው ከሠራዊቱ የተረፈው ሲሶው ያህል ብቻ ነው። ግራትያኖስ በ379 እስጳንያዊውን ቴዎዶስዮስን በምሥራቅ ላይ አነገሠው። ቴዎዶስዮስም በምዕራብ ሽፍቶች በተነሡ ጊዜ ሁለት ጊዜ፣ በ388ና በ394፣ ዘምቶ አሸነፋቸው። ሁለቱን ክፍሎች በእውነት አጠቃልሎ የያዘው ከመስከረም 394 እስከ ጥር 17 ቀን 395 ድረስ ለአራት ወር ያህል ነው፤ በዚያ ቀን በሚላኖ ሞተ።

ሲሞት ልጆቹ አስቀድመው ነግሠው ነበር፤ አርቃድዮስ ከ383፣ አኖርዮስ ከ393 ጀምሮ አውግስጦስ ይባላሉ። እንግዲህ በዕለቱ አዲስ ውል አልተጻፈም። አዲስ የነበረው የልጆቹ ዕድሜ ነው፤ አርቃድዮስ 18 ዓመት እንኳ በውል አልሞላውም፣ አኖርዮስ ደግሞ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚህ በፊት የተካፈሉት ነገሥታት ራሳቸው ጦር የሚመሩ ሰዎች ነበሩ። አሁን ግን ዙፋን የያዘ አንድ ሰው፣ ሥልጣኑን የያዘ ሌላ ሰው ሆነ። በምዕራብ የጦር አለቃው ስቲሊኮ፣ በምሥራቅ ሩፊኖስ እንደራሴ ሆኑ። ስቲሊኮ፣ ቴዎዶስዮስ ሲሞት ሁለቱንም ልጆች ለእኔ አደራ ሰጥቷል አለ። ሰሚ በሌለበት የተሰጠ አደራ ነውና ማንም ሊመሰክርለት አልቻለም፤ የምሥራቁ ሹማምንት አልተቀበሉትም። በኅዳር 395 ሩፊኖስ በምሥራቁ ጦር ሰልፍ ፊት ተገደለ፤ በ397 ደግሞ ስቲሊኮ የምሥራቅ መንግሥት ጠላት ተብሎ ታወጀበት።

የጠቡም ፍሬ ነገር ኢሊሪኩም ነበር። ይህች አገር ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ስሟን ያነሣት ናት፤ ምሥራቃዊ ክፍሏ ከመቄዶንያና ከግሪክ አገር ጋር በቁስጥንጥንያ ሥር ሆኖ ነበር። ከዳኑብ በታች ያለው ይህ አገር ጐበዝ ወታደር የሚገኝበት ነው፤ ዲዮቅልጥያኖስ፣ ቆስጠንጢኖስና ቫሌንቲንያኖስ ሁሉ ከዳኑብ በታች ካሉት ከእነዚህ አገሮች የወጡ ናቸው። ስቲሊኮ ያለዚህ አገር ወታደር ማግኘት ቸገረው። ጐቶችን የሚመራው አላሪክ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ተቀምጦ አንዴ ከምሥራቁ፣ አንዴ ከምዕራቡ ሹመት ይቀበል ነበር። አንድ መንግሥት ቢሆኑ መሄጃ ያጣ ነበር ብለን እናምናለን። ስቲሊኮ በ408 በአኖርዮስ ትእዛዝ ተገደለ፤ አላሪክ በ410 ሮማን ዘረፈ።

ከዚህ ተነሥቶ ምሥራቁ ምዕራቡን ጣለው የሚሉ አሉ፤ ፍርዱ ግን የተጣመመ ይመስለናል። ሮማ ልትወድቅ ስትል ከቁስጥንጥንያ 4,000 ወታደሮች አኖርዮስ ወደሚኖርባት ወደ ራቬና ደርሰዋል። በ425 ሣልሳዊ ቫሌንቲንያኖስን በምዕራቡ ዙፋን ያስቀመጠው የምሥራቁ ጦር ነው። ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ያሰባሰበው የሕግ መጽሐፍም በ438 በቁስጥንጥንያ ታውጆ በዚያው ዓመት በሮማ ምክር ቤት ተቀባይነት አገኘ። ሕጉ አሁንም አንድ ነው ማለት ነው። ያልሆነው የግምጃ ቤቱ አንድነት ነው። ምሥራቁ ግብፅን፣ ሶርያንና ታናሽ እስያን ይዞ ጠላቱ በአብዛኛው በዳኑብ በኩል ብቻ ነበር፤ በ413 የተፈጸመው ቅጥርም ቁስጥንጥንያን ስለ ጠበቀ ጠላት ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሀብታሞቹ አውራጃዎች ሊደርስ አልቻለም። ምዕራቡ ግን የሚጠብቀው ወንዝ ረጅም፣ ገቢው አነስተኛ ነበር። ያቺ ቀደም ብለን ያነሣናት ስንዴ የነበረችበትን አፍሪካን ቫንዳሎች ወረው በ439 ቅርጣግናን ሲይዙ ሮማ ቀለቧንም፣ የወታደሮቿንም ደመወዝ የምትከፍልበትን ግብር አጣች። በ468 የምሥራቁ ንጉሥ ልዮን አፍሪካን ለማስመለስ ግምጃ ቤቱን ባዶ ያደረገ ታላቅ የመርከብ ጦር ላከ፤ የቫንዳሎች ንጉሥ ጋይሴሪክ ግን እሳት የተለኰሰባቸው መርከቦች ሰድዶ አቃጠለው። ከዚህ በኋላ ምሥራቁ ለምዕራቡ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አልቀረም።

በ476 ኦዶአክር የሚባለው የወታደር አለቃ በራቬና የነበረውን ልጅ ሮሙሎስን ሻረው። ራሱ ንጉሠ ነገሥት ልባል አላለም። የሮማ ምክር ቤት መልእክተኞች ወደ ቁስጥንጥንያ ሄደው ለሁለቱ ወገን አንድ ንጉሥ ይበቃል፣ ኦዶአክርን ግን ሹምልን ብለው ለንጉሡ ለዜኖን አመለከቱ። ዜኖንም ከምሥራቅ ከተቀበላችኋቸው ሁለት ነገሥታት አንዱን ገደላችሁ፣ ሁለተኛውን አባረራችሁ፣ የተባረረውን መልሳችሁ ተቀበሉ ብሎ መለሰላቸው። የተባረረው ዩልዮስ ኔፖስ ወደ ድልማጥያ ሸሽቶ የምዕራብ ንጉሥ እንደ ተባለ በ480 በሳሎና አጠገብ በሰው እጅ ሞተ። ሌላ አልተሾመም። በወረቀት ላይ እንግዲህ ግዛቱ ተመልሶ አንድ ሆነ፤ ንጉሡም በቁስጥንጥንያ የሚኖረው ነው።

የቁስጥንጥንያ ሰዎች እስከ 1453 ድረስ ራሳቸውን ሮማውያን ይሉ ነበር፤ ቢዛንታይን የሚለውን ስም ያወጡላቸው በኋላ ዘመን የተነሡ የኤውሮጳ ሊቃውንት ናቸው። የእኛም አባቶች የሚያውቁት የእነርሱን አጠራር ነው። አጼ ካሌብ በ525 ገደማ ስለ ናግራን ክርስቲያኖች ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በዘመተ ጊዜ በምዕራብ ንጉሠ ነገሥት ከጠፋ 50 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር፤ በኢጣልያም የሚገዛው የጐቶች ንጉሥ ነበር። በዚህ ታሪክ ንጉሠ ሮም ተብሎ የሚነሣው ዮስጢኖስ በቁስጥንጥንያ የተቀመጠው ነው።